የቶውኮ ዘመዶች

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 7

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ። እጄ ሳሙና ሳሙና ይሸታል፤ ቤት ገብቼ ደጋግሜ ታጥቤም አልለቀቀኝም።

አባዬ የሚመራው የእንስሳት ቤት ከሕክምና ትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ ምድር ቤት ውስጥ ነው። የኔ ሥራ የአይጦቹን ሳጥን ማጠብ ነው። ያደረውን ጉዝጓዝ እደፋለሁ፣ ሳጥኖቹን ማጠቢያ ማሽኑ ውስጥ እደረድራለሁ፣ ሲወጡ ንጹሕ የእንጨት ፍቅፋቂ እሞላባቸዋለሁ። እንስሳ መመገብ አልተፈቀደልኝም፤ ለዚያ ትምህርት መውሰድ ያስፈልጋል። ረቡዕ ከትምህርት በኋላ፣ ቅዳሜ ደግሞ ጠዋት። ሐሳቡ የእማዬ ነው። «ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ቶውኮ በር ላይ ተቀምጦ መዋሉ ይብቃው» ስትለው ሰምቻለሁ። መቀመጤን ያየች አልመሰለኝም ነበር።

ወንድሜ ቶውኮ ኦገስት ላይ ሞተ። ሃያ ዓመቱ ነበር። ሲወለድ ጀምሮ ያለ በሽታ ነው፤ ጡንቻው ቀስ በቀስ ከዳው፤ መጀመሪያ እግሩ፣ ከዚያ ክንዱ፣ መጨረሻ ላይ ትንፋሹ። አባዬ ቤት፣ ስድስተኛው ክፍል ያሉት አይጦች ያንኑ በሽታ ይዘው የተወለዱ ናቸው። ቶውኮ «ዘመዶቼ» ነበር የሚላቸው። ራት ላይ አባዬ ወንበሩን ስቦ ሳይቀመጥ «ዘመዶቼ እንዴት ዋሉ?» ይለዋል። አባዬም አንድ በአንድ ይነግረዋል፤ ማን በደንብ እንደበላ፣ ማን ካርቶን ቱቦ ውስጥ ተኝቶ እንደዋለ፣ ማንና ማን እንደታገሉ። «ማን አሸነፈ?» ይላል ቶውኮ፣ ሹካውን እኔ ይዤለት። ሁልጊዜ «ማን አሸነፈ?» ነው።

አሁን ራት ላይ የምናወራው ስለ አየሩ ነው።

ሂልካ የምትባል አሮጊት ሠራተኛ አለች፤ አባዬ ከመቀጠሩ በፊት ጀምሮ እንስሳቱን የምትንከባከብ። ገና ሳልገባ «የያርኮ ልጅ፣ ቁመቱን ከማን ሰርቀህ ነው?» አለችኝ።

«ከእማዬ።»

«እንግዲያው እጅህንም ከእሷ አምጣ። አባትህ ሳጥን ያጠበ ቀን ኮሪደሩን በጀልባ ነው የምናቋርጠው።»

አባዬ አጠገባችን ነበር። ድሮ ቢሆን ይመልስላት ነበር።


ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 18

ቸኩያለሁ፣ ነገ የሒሳብ ፈተና አለ። ማሽኑ ተበላሽቶ ሁሉንም በእጅ አጠብን። ጀርባዬ።

አባዬ በስድስተኛው ክፍል መስታወት በኩል ወደ ውስጥ እያየ ቆሞ ነበር። ጋሪ ሞልቼ ሄጄ ስመለስ እዚያው ነው። ሌላ ጋሪ ወስጄ ስመለስም።


ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 28

ዛሬ አይጥ ሲስቅ ሰማሁ። አልቀለድኩም።

ንጹሕ ሳጥን ይዤ ስድስተኛው ክፍል ስገባ ሂልካ ጠራችኝ። እዚያ ለመግባት ጫማ መቀየር፣ ጋውን፣ ቆብና ጭምብል ማድረግ ግድ ነው፤ እዚያ ውስጥ ሂልካን የምለያት በዓይኗ ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት እያንዳንዷን አይጥ ትኮረኩራለች። የአባዬ ደንብ ነው። ከጡት ከተለዩበት ቀን ጀምሮ አንገታቸውንና ሆዳቸውን የተኮረኮሩ አይጦች የሰው እጅ አይፈሩም፤ እጅ ካልፈሩ መርፌውም ሚዛኑም አያስደነግጣቸውም። ሲኮረኮሩ ይስቃሉ፤ ሳቃቸው ግን ለኛ ጆሮ ቀጭን ነው፣ አይሰማም። ሂልካ የሌሊት ወፍ የሚከታተሉ ሰዎች የሚይዙት ትንሽ መሣሪያ አላት፤ የማይሰማውን ድምፅ አወፍሮ ያሰማል።

«ጆሮህን አምጣ» አለችና ጣቷን አንዷ ሆድ ሥር አስገባች። መሣሪያው ክርክር ክርክር አለ፣ ጠጠር ቆርቆሮ ላይ ሲንከባለል እንደሚለው። እጇን ስታነሳ አይጧ ተከትላት ሮጠች፤ ስታቆም አፍንጫዋን ጣቷ ላይ ደግፋ ጠበቀቻት።

«ይቺ ሙይኩ ናት» አለችኝ። ሙይኩ ከሐይቃችን የሚወጣው ትንሹ ዓሣ ነው። አባዬ ለሙከራ እንስሳ ስም ሲወጣ አይወድም፤ ለእሱ አርባ አንድ ቁጥር ናት። «ለአባትህ እንዳትነግረው።»

«ያውቃል እኮ።»

«ያውቃል። አልነገርነውም ግን።»

ሙይኩና ሌሎች ሦስት ከክፍሉ ሁሉ በዕድሜ የገፉት ናቸው። ገና ለጋ የሆኑት በሁለተኛው መደርደሪያ ላይ ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ ይታገላሉ።

በሩ ላይ ማብቂያው ተለጥፏል። ማብቂያ ማለት፣ እንስሳው ከዚህ በላይ መኖር የለበትም የሚባልበት ምልክት ነው። ለስድስተኛው ክፍል ሦስት ነው። ክብደቷ ከተወሰነላት በታች ከወረደ። በኋላ እግሯ ቆማ ከላይ የተንጠለጠለውን መኖ መድረስ ካቃታት። ትንፋሿ ጎኗን እየገፋ መውጣት ከጀመረ። አንዱ እንኳ ከታየ በዚያው ቀን ይፈጸማል። አባዬ ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ የሚናገራት ነገር አለች፤ ልጅህ ነኝ ብዬ አላመለጥኳትም። «ማብቂያው የሚጻፈው እንስሳው ከመምጣቱ በፊት ነው። ከወደድከው በኋላ የምትጽፈው ማብቂያ ያንተ ነው፣ የእሱ አይደለም።» «ማሳረፍ» የሚለውንም ቃል አይወድም። እንገድላለን ይላል። ድርጊቱን በስሙ እየጠራን፣ ሳናስፈራና ሳናሳምም እንገድላለን።


ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 5

አኑካ መጥታ ነበር። መድኃኒቱን የምትሞክረው ተመራማሪ እሷ ናት። ግማሾቹ አይጦች መድኃኒቱን ይወስዳሉ፣ ግማሾቹ ባዶ ውኃ፤ ሙከራው እስኪያልቅ የትኛዋ የቱን እንደምትወስድ እሷም አታውቅም። በጠዋቱ ከአባዬ ጋር በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ እኔ ጋሪዬን እየጫንኩ ነው።

«ሠላሳ ስምንት ቁጥር ትናንት መኖው ጋ አልደረሰችም አሉኝ» አለችው።

«ዛሬ ደርሳለች።»

«አንተ አየሃት?»

«አየኋት።»

«ያርኮ፣ በራሷ ጊዜ ከሞተችብኝ ልቧ ለምርመራ አይሆንም። ትኩስ ሆኖ ካላገኘሁት ምን አየሁበት?»

«ማሳረፉን ለሰኞ እናድርገው።»

ማሳረፉን አለ። አባዬ።


ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 12

ሠላሳ ስምንት ሞታ ተገኘች። ሰኞ ወደ ሐሙስ፣ ሐሙስም ወደ ዛሬ ተዛውሮ ነበር።

ሂልካ ጠዋት ስትገባ ሳጥኑ ጥግ ላይ ቀዝቅዛ ነው ያገኘቻት። የቀሩት ጓደኞቿ ፍቅፋቂውን እየገፉ ግማሽ አካሏን ቀብረዋታል። ሂልካ ምንም አልቀለደችም። አኑካ ጮኸች፤ ድምፅዋ ማጠቢያው ክፍል ድረስ ይሰማል። «ዓመት ሙሉ መርፌ ወጋናት፣ ዓመት ሙሉ አመዘንናት፤ ለምን? ሌሊቱን ብቻዋን ስትታፈን እንድታድር?» አባዬ ምን እንደመለሰላት አልሰማሁም።

እኔ ግን አልገባኝም። አምስት ተጨማሪ ቀን ኖራለች። አምስት ቀን አምስት ቀን ነው።


ረቡዕ፣ ኦክቶበር 16

የመጸው ዕረፍት፤ ትምህርት የለም። ዝናብ። ሥራም ቀርቼ ተኝቼ ዋልኩ።

ወጥ ቤት ውስጥ ሲነጋገሩ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ነበር። እማዬ ስለ ሥራው ጠየቀችው፤ እሱ ስለ ሠላሳ ስምንቷ ነገራት። ከዚያ እማዬ፣ «ያቺን ሳምንት ለራሳችን ነው የወሰድናት ያርኮ» አለችው። «ለእሱ አልነበረችም።»

«ሐኪሙ ዕድል አለ ብሎ ነበር።»

«ሐኪሙ ‹ከፈለጋችሁ› ነው ያለው።»

ያቺ ሳምንት የምትለው የኦገስቷን ነው። ቶውኮ የሳንባ ምች ይዞት ሆስፒታል ሲገባ የመተንፈሻ ቱቦው ይውጣና በሰላም ይሂድ ወይስ እንቀጥል ተብለን ተጠይቀን፣ እንቀጥል ያልንባትን። አልን ስል፣ እኔንም ጠይቀውኝ ነበር።

በዚያች ሳምንት ሁለት ጊዜ እጄን ጨብጦኛል። ነርሷ ጡንቻው በራሱ የሚያደርገው ነው አለች። ነርሷ እዚያ አልነበረችም።


ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 26

ሁለቱ አሮጊት አይጦች በዚህ ሳምንት ተገደሉ፤ የገደለቻቸው ሂልካ ናት፣ በሰዓቱ። አባዬ ስብሰባ ነበረው። ከትልልቆቹ የቀረችው ሙይኩ ብቻ ናት፤ ብቻዋን እንዳትሆን አንዲት ለጋ አስገብተውላታል።

መኖዋ በትንሽ ሳህን ከታች ተቀምጦላታል። ሂልካ ስታየው አባዬን ከቢሮው ጠራችው።

«ሳህኑን ያወረድከው አንተ ነህ?»

«ለምቾቷ ነው። ደካሞች ሲሆኑ መኖው ይወርድላቸዋል፤ ደንቡም ይፈቅዳል።»

«ይፈቅዳል። ግን ከላይ መድረስ መቻሏን መጀመሪያ አይተን ነው። አሁን በምን ልናውቅ ነው?»

«ሂልካ...»

«ለማን ምቾት ነው ያርኮ?»

ወጥቶ ሄደ። እሷም እያጉረመረመች ወደ ጥንቸሎቹ ክፍል ሄደች። እኔ ንጹሕ ሳጥኖቹን እየደረደርኩ ስለነበር ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ።

ከቁርስ የተረፈኝ የአጃ ገንፎ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ቀይ የጫካ ፍሬ የተደባለቀበት። ቶውኮም መጨረሻ ላይ የሚወደው እሱን ነበር፤ ማኘክ አያስፈልገውም። በጣቴ ጫፍ ትንሽ ሰጠኋት። ላሰችው። በጣም ትንሽ ነው። ከዚያ ሲመዝኗት ከማብቂያው ክብደት መስመር ትንሽ ከፍ አለች። ደስ አለኝ።


ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 2

ዛሬ የሙታን መታሰቢያ ቀን ስለሆነ ሥራ የለም። መካነ መቃብሩ በሻማ ተሞልቷል፤ ከመንገዱ ሲታይ በረዶው የበራ ይመስላል። የቶውኮ ድንጋይ ገና አልተተከለም፤ የእንጨት ምልክት ብቻ ነው ያለው።

ነፋስ ነበር። የኛ ሻማ ሦስቴ ጠፋ። አባዬ ተንበርክኮ በሁለት እጁ ከበበው፤ ነበልባሉ መዳፉን እየነካው ሳለ እንኳ አልተወውም። እማዬ ትከሻውን ያዘችው። «ተወው ያርኮ። የሚነድ ከሆነ ይነዳል።» አልተወውም። ስንመለስ መኪና ውስጥ መዳፉ ቀልቶ አየሁ።

ትናንት ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ሙይኩ ጎራ ብዬ ነበር። ተራዬ አልነበረም። ጓንት ረስቼ መጣሁ አልኩ።


ረቡዕ፣ ኖቬምበር 6

ክፍል ውስጥ ያ ሳኩ የሚሉት ልጅ «አባትህ አይጥ ይገድላል ይባላል፤ እውነት ነው?» አለኝ። «እውነት ቢሆን ጥሩ ነበር» አልኩት። ለምን እንዲህ እንዳልኩ እንጃ። እሱም ግራ ገብቶት ሄደ።

ሙይኩ ዛሬ ገንፎውን ለመላስ ጊዜ ወሰደባት። ደክሟት ይሆናል። ለጋዋ ጓደኛዋ ተሻምታ በላችባት።


እሑድ፣ ኖቬምበር 10

የአባቶች ቀን።

በየዓመቱ ኬክ እገዛለሁ፣ አልጋው ድረስ ቡናውን እናስገባለታለን። ካርዱ ላይ የሚጻፈውን ቶውኮ ይናገራል፤ እኔ እጽፋለሁ። ባለፈው ዓመት «ለአይጦች ንጉሥ፣ ከሁለቱ ታማኝ ዜጎችህ» ነበር ያለው። ዘንድሮ ስሜን ብቻ ጻፍኩበት፤ «ኢሮ»።

ቡናውን ይዤ ስገባ አልጋው ባዶ ነው።

«ሥራ ሄዷል» አለች እማዬ።

«እሑድ?»

«እሑድ።» ቡናውን ተቀበለችኝና እሷው ጠጣችው።

ካርዱን በአንድ ኪሴ፣ ማሰሮው ላይ ከቀረው ገንፎ በትንሽ ጠርሙስ ጨልፌ በሌላው ኪሴ ይዤ ሄድኩ። አባዬ ቢሮው ይሆናል፣ እኔ ቀስ ብዬ ስድስተኛው ክፍል ደርሼ እመጣለሁ ብዬ ነው።

እዚያው ነበር። አጭሯ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ሙይኩን በፎጣ ጠቅልሎ ጭኑ ላይ አድርጎ፣ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ እያበላት ነው። አጠገቡ ያለው ሳህን ውስጥ ያለው ነገር ሮዝ ቀለም አለው። የቤታችን ገንፎ ነው፤ ያው ቀይ ፍሬ፣ ያው ማሰሮ።

ቀና ብሎ አየኝ። «ቆብህን ገልብጠህ ነው ያደረግኸው» አለኝ።

አስተካከልኩት።

«ኪስህ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?»

አወጣሁት። ጠርሙሱን አየ፣ ሳህኑን አየ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሁለት ሳምንት ይሆናል። አንተስ?»

«ክብደቷ ለምን እንደማይወርድ ስደነቅ ነበር እኮ» አለ፤ ሊስቅ ነበር፤ አልወጣለትም። ምን እንደሚል ጠበቅኩ። ቁጣውን ጠበቅኩ። ስለ ማብቂያው፣ በሩ ላይ ስለተለጠፈው፣ ከወደድከው በኋላ ስለሚጻፈው የሚለውን ጠበቅኩ።

«ልስጣት?» አልኩት።

«ትንሽ ብቻ» አለ።

እሱ ያዘልኝ፣ እኔ አበላኋት። በመሃል ትንፋሿ እስኪመለስ እየጠበቅን። ለረጅም ጊዜ እንዲህ አብረን አልተቀመጥንም። ጥሩ የአባቶች ቀን ነበር። ካርዱን መኪና ውስጥ ሰጠሁት።


ረቡዕ፣ ኖቬምበር 13

ሂልካ ማጠቢያው ክፍል ገብታ በሩን ዘጋችው።

«የያርኮ ልጅ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አይጥ ሳሸትት ኖሬያለሁ። ቁርስ ቁርስ የምትሸት አይጥ ግን ይቺ የመጀመሪያዬ ናት።»

ሳጥኖቹን ማሽኑ ውስጥ መደርደር ቀጠልኩ።

«ምነው፣ ማሽኑ ምላስህንም አጠበው?»

«ለአኑካ ትነግሪያታለሽ?»

«ለአባትህ ነገርኩት። ስለ ማብቂያው ለሁላችንም የሚናገረውን ያንኑ መልሼ ነገርኩት። ግድግዳ ነው።» ቁጭ አለች። ጭምብሏን ስታወርድ ፊቷ ከዓይኗ ይልቅ ያረጀ ነው። «የእኔ ጥፋት አለበት። ሠላሳ ስምንቷ ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ሐዘን ላይ ነው፣ ይተወው ብዬ ተሸከምኩለት። የተሸከመችው ግን እሷ ሆነች። በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ የእንስሳት ደኅንነት ኮሚቴው ይሰበሰባል። እስከዚያ ካልቆረጠ እዚያ እናገራለሁ፤ ከዚያ ወዲያ አባትህ ይቺን በር አይከፍታትም።»

«ሙይኩ ግን እየበላች ነው።»

«አፏ ውስጥ የገባላትን መዋጥና መብላት አንድ ነው?»

መሣሪያዋን ከኪሷ አውጥታ የኔ ጋውን ኪስ ውስጥ ከተተችው። «ኮርኩራትና ስማ። ሰምተህ ስታበቃ አሁንም ገንፎ ይሰጣት ካልከኝ እኔው ራሴ አማስልልሃለሁ።»

መሣሪያው ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ባትሪው ያለቀ ይመስለኛል። አልሞከርኩትም።


ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 16

በረዶ። ከሰዓት በኋላ ገና በጊዜ ጨለመ።

አይጥ ሲታመም ወይም ሲጨነቅ ዓይኑ ጥግ ላይ ቀይ ነገር ያወጣል። ደም አይደለም፤ ደም ይመስላል። ሙይኩ ዛሬ ጠዋት ሁለቱም ዓይኖቿ ሥር፣ እስከ አፍንጫዋ ድረስ ነበራት። ጸጉሯም ቆሟል፤ ራሷን አላጸዳችም። ጥጥ በሞቀ ውኃ ነክሬ ቀስ ብዬ ጠረግኩላት። ከዚያ በጣም ጥሩ መሰለች። አባዬ ሲገባ «ዛሬ ፊቷ ንጹሕ ነው» አለ። «አዎ» አልኩት።

ቶውኮንም ሰው ሊጠይቀው ሲመጣ ፊቱን እጠርግለት፣ ጸጉሩን አበጥርለት ነበር። ጎረቤቶች «ዛሬ ደህና ይመስላል» እያሉ ይወጡ ነበር። ሲወጡ እሱ ዓይኑን ይጨፍናል። አንድ ቀን «ለእነሱ ነው የምታሳምረኝ» አለኝ። እየቀለደ ነበር። ብዙ ጊዜ ይቀልዳል።

ጎኗ ይገፋል ይመለሳል፣ ይገፋል ይመለሳል። ለጋዋ ላይዋ ላይ ተኝታ ታሞቃታለች። ሚዛኑ ላይ አሁንም ከመስመሩ በላይ ናት።

መሣሪያውን አላመጣሁትም። ቤት ረሳሁት።


ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 19

ባትሪው ደህና ነው።


ረቡዕ፣ ኖቬምበር 20

ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ከትምህርት ቤት በቀጥታ ሄድኩ። አባዬ ስድስተኛው ክፍል ውስጥ፣ ያችው ወንበር ላይ ነው። ሳህኑም አለ። ገንፎው ግን አልተነካም፤ ከላይ ደርቋል። ሙይኩ ፎጣው ላይ ነበረች። ቀዩ ነገር ዳግመኛ ወጥቶባታል፤ እሱ አልጠረገውም።

«አልበላም አለች» አለኝ።

መሣሪያውን ከኪሴ አውጥቼ ሳጥኑ አናት ላይ አስቀመጥኩት። አባዬ አየው። ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ገንዘቡን የፈቀደው እሱ ነው። ቁልፉን ስጫን ሹው የሚል ድምፅ ብቻ መጣ፣ የአየር ማስገቢያው። ከሁለተኛው መደርደሪያ ለጋዎቹ እየታገሉ ስለነበር የእነሱ ሳቅም ትንሽ ትንሽ ይገባል። መሣሪያውን ወደ ሙይኩ አዞርኩት።

እንስሳ እንድነካ አልተፈቀደልኝም። አባዬ ግን አልከለከለኝም። ጣቴን አንገቷ ሥር አስገባሁ፣ ከዚያ ሆዷን፣ ሂልካ እንደምታደርገው ቀስ ብዬ፣ ከዚያ ትንሽ ጠንከር አድርጌ። የአየር ማስገቢያው ድምፅ ብቻ ነው። እጄን ሳነሳ አልተከተለችኝም። ሰውነቷን ሰብስባ ፊቷን ወደ ፎጣው እጥፋት አዞረች።

ደገምኩ።

«ኢሮ» አለ አባዬ። «ተዋት።»

«ቅዳሜም አትስቅም ነበር። የዛሬ ሳምንትም አትስቅም ነበር። ስላልከፈትኩት ነው እንጂ።»

«አውቃለሁ» አለ። «እኔም ያለ መሣሪያ አውቀው ነበር።»

ሁለታችንም አላለቀስንም፤ ይኼን የምጽፈው እንዲታወቅ ብቻ ነው። አባዬ ስልኩን አውጥቶ አኑካን ጠራት። «አርባ አንድ ቁጥር ማብቂያዋ ደርሷል» አላት። ቀጥሎ፣ «አይ፣ ዛሬ አይደለም የደረሰው። ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። ዓርብ ለኮሚቴው ራሴ እናገራለሁ። አሁን ነይ። እንገድላታለን» አላት።

አኑካ ዕቃዋን ይዛ ሮጣ መጣች፤ የካፖርቷ ትከሻ ላይ በረዶ ነበር፤ ጋውን ለብሳ እስክትገባ ጠበቅናት። ሂልካም ገባች። እኔን አየችኝ፣ መሣሪያውን አየች። የሙይኩን ፊት በጥጥ ጠረገችላት።

«አሁን ለምንድን ነው የምትጠርጊላት?» አልኳት።

«ስለሚያሳክካት ነዋ፣ አንተ ልጅ።»

አባዬ መጀመሪያ የሚያስተኛውን መርፌ ሰጣት። እስኪይዛት ትንሽ ይቆያል። «መውጣት ትችላለህ» አለኝ። አልወጣሁም። እጄን ጀርባዋ ላይ አደረግኩ፤ ከላይዋ የአባዬ እጅ መጣ፤ የተቃጠለችው መዳፉ ገና ሻካራ ናት። ከእጃችን ሥር ጎኗ ይገፋል ይመለሳል። ከዚያ እየራቀ መጣ። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ ወር ሳትታገል ተነፈሰች፤ ተኝታ ነበር። አባዬ ሁለተኛውን መርፌ ሰጣት።

አኑካ በሌላው ክፍል ብዙ አልቆየችም። ስትወጣ «ልቧን ሙሉውን አገኘነው» አለች።

«መድኃኒቱን ስትወስድ ነበር?» አልኳት።

«እስከ ፌብሩዋሪ አይታወቅም።»

«ብትወስድ ኖሮ...»

«ኢሮ፣ እስከ ፌብሩዋሪ አይታወቅም» አለችና ትከሻዬን ያዘችኝ። ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

ሳጥኗን እኔ አጠብኩት። ለጋዋን ወደ እኩዮቿ መለሷት።

መኪና ውስጥ አባዬ ሞተሩን ሳያስነሳ ቆየ። መስታወቱ በትንፋሻችን ደበዘዘ። «ቶውኮ ዓይኑን ሲጨፍን አይተኸው ታውቃለህ?» አለኝ። «ሰው ሊያየው ሲመጣ። ወይም እኛ ስንስመው። ያኔ በዚያች ሳምንት።»

«አይቻለሁ» አልኩት።

«እኔም።»

ሞተሩን አስነሳ።


ሐሙስ፣ ኖቬምበር 21

ሐሙስ እንደሁልጊዜው የአተር ሾርባ፣ ከዚያ ፓንኬክ ከማርማላታ ጋር። አባዬ ነገ ከኮሚቴው ፊት ይቀርባል። ምን እንደሚሉት አናውቅም። ሸሚዙን እማዬ ተኩሳ በሩ ላይ ሰቅላለታለች።

ስለ አየሩ ተወራ። በረዶው ይቆያል ተባለ። ከዚያ ሌላ የሚባል ጠፋ፤ ማንኪያ ብቻ።

«ዘመዶቻችን እንዴት ዋሉ?» አልኩ።

እማዬ ማንኪያዋን አስቀመጠች። አባዬ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ቶውኮ ቦታ፣ ተሽከርካሪ ወንበሩ እንዲገባ ሁልጊዜ ክፍት ወደምንተወው ጎን አየ።

«አንዷን ትናንት ገደልናት» አለ። «አርባ አንድ ቁጥር። ሙይኩን። ዘግይቼባት ነበር።»

«ፈራች?» አለች እማዬ።

«አልፈራችም። እጃችን ላይ ነበረች።»

እማዬ ራሷን ነቀነቀች፣ ደግማ ነቀነቀች። ፓንኬኩን ቆርሳ በየሳህናችን አደረገች። አባዬ እንደ ድሮው ቀጠለ፤ ሦስተኛው መደርደሪያ ደህና ነው፣ በደንብ በልተዋል፤ አንደኛው አዲስ ካርቶን ቱቦ ገብቶለታል። ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ ያሉት ሁለቱ ለጋዎች ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ሲታገሉ ዋሉ፤ አንዷ ያቺ ከሙይኩ ጋር የነበረችው ናት።

ምን ቀጥሎ እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን።

«ማን አሸነፈ?» አለች እማዬ።